ኦቾሎኒ ለመክሰስ፦ ረሃብን አስታግሶ ክብደትን ለመቆጣጠር እንዴት ይበላል?

"ኦቾሎኒ ያወፍራል ወይስ ያከሳል?" ጎረቤት ይጠይቀኛል፣ ስፖርት የጀመረ ወጣት ይጠይቀኛል፣ ሐኪም "ክብደት ቀንሺ" ያላት እናትም ትጠይቀኛለች። ሁሌም የምመልሰው አንድ ነው፦ እንደ አበላላችሁ ሁለቱንም ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ሰው ከመድገም እዚህ ከግዢ እስከ ሚዛን ድረስ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ሒሳቡን አስቀድሜ ልንገራችሁ። 30 ግራም ኦቾሎኒ (ብዙዎቻችን ለውዝ የምንለው) 170 ካሎሪ ገደማ አለው። ለመክሰስ ከምትበሉት ቦምቦሊኖ ወይም ብስኩት ፋንታ ይህንን ብትበሉ ሆዳችሁ እስከ እራት ይታገሣል። ቦምቦሊኖውን ሳትተዉ ከላይ ብትጨምሩት ግን በወር ወደ 5,100 ካሎሪ ተጨማሪ ይገባል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ ከግማሽ ኪሎ በላይ የሚያወፍር ነው። ሰውነት ከዚህ ላይ የተወሰነውን በሌላ መንገድ ቢያካክስም መንገዱ ወደ ውፍረት ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ዝርዝር ሁሉ የሚያርፈው በሦስት ነገር ላይ ነው፦ የተወሰነ መጠን፣ የተወሰነ ሰዓት፣ እና ቦታውን የሚለቅ ሌላ ምግብ።

መጀመር የሌለባቸው ወይም ሐኪም መጠየቅ ያለባቸው

ይህን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን መጨረሻውን የሚያነብ ሰው ትንሽ ስለሆነ እዚህ አድርጌዋለሁ።

- ኦቾሎኒ በልታችሁ ከንፈር ወይም ምላስ ያበጠባችሁ፣ ሰውነት ያሳከካችሁ፣ ጉሮሮ የጠበባችሁ ወይም ያስመለሳችሁ ከሆነ አለርጂ ሊሆን ይችላል። "ትንሽ በትንሽ ልለማመደው" አትበሉ፤ የሚቀጥለው ጊዜ ከፊተኛው ሊከፋ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ ቤት ውስጥ መቆየት የለም፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።
- ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ፍሬ አይሰጥም። ትንታ ይገድላል። ልጅ ባለበት ቤት የኦቾሎኒው ጠርሙስ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ወለል ላይ የወደቀውንም አንሡ።
- የኩላሊት ሕመም ያለበትና ፖታሲየም ወይም ፎስፈረስ እንዲቀንስ የተነገረው ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።
- ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው መክሰሱን በኦቾሎኒ ሲተካ ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል፣ ከመቀየሩ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።
- ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ኦቾሎኒ መብላት ትችላለች፤ ለመክሳት ብላ ምግብ መቀነስ ግን ጊዜው አይደለም።
- ጨጓራ የሚያስቸግራችሁ በግማሽ መጠን ጀምሩ። ቅባት ያለው ነገር ጨጓራ ውስጥ ስለሚቆይ አንዳንዱን ሰው ያቃጥለዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሩብ ኪሎ ጥሬ፣ የተፈለፈለ ኦቾሎኒ
- ብረት ምጣድ ወይም ታቹ ወፈር ያለ መጥበሻ
- የእንጨት ማማሰያ
- ሰፌድ ወይም ሰፊ ትሪ
- ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የመስታወት ጠርሙስ
- 8 ትንንሽ ላስቲክ ወይም ክዳን ያላቸው ትንንሽ ዕቃዎች
- አንድ የቡና ስኒ
- ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና 2 የሾርባ ማንኪያ ውኃ (ጨው የሚከለከል ሰው ይተወው)
- የወገብ መለኪያ ሜትር፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል

የኩሽና ሚዛን ካላችሁ መልካም። ከሌላችሁ ለዚህ ብላችሁ አትግዙ፤ ያለ ሚዛን የሚሠራውን 6ኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

1. ምን እንደሚወጣ አስቀድማችሁ ወስኑ

ኦቾሎኒ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ሦስት ቀን ያህል ከምሳ በኋላ እስከ እራት ድረስ አፋችሁ የገባውን ሁሉ ጻፉ። ስልካችሁ ላይ ይበቃል። በሻይ ውስጥ ያለውን ስኳርም ጻፉት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ያህል ነው፣ ሦስት ማንኪያ እየጨመረ በቀን ሦስት ሻይ የሚጠጣ ሰው ከስኳሩ ብቻ 144 ካሎሪ ይወስዳል። ይህ አንድ የኦቾሎኒ ድርሻ ሊያክል ምን ቀረው።

ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ምረጡ፦ ቦምቦሊኖው፣ ሳምቡሳው፣ ብስኩቱ ወይም ዳቦው። የምትመርጡት በየቀኑ የሚደጋገመውን ይሁን። ሳምንት አንዴ የሚበላ ኬክ ብትተኩ ለውጡ አይታይም።

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ "ሞክሬው አልሠራም" የሚሉትም አብዛኞቹ እነሱ ናቸው። ኦቾሎኒ በራሱ ስብ የሚያቀልጥ ነገር የለውም። የሚሠራው ሌላ ነገር እንዳትበሉ በማድረግ ነው።

2. ጥሬውን፣ ሙሉውን ግዙ

ከባቢሌም ይምጣ ከመተከል፣ ዋናው ፍሬው ሙሉ፣ ደረቅና የቆዳው ቀለም ተመሳሳይ መሆኑ ነው። እፍኝ አድርጋችሁ አሽትቱ። የእርጥብ ጆንያ ወይም የቆየ ዘይት ሽታ ካለው ለሻጩ መልሱ። ከዚያ አንዱን ፍሬ ለሁለት ክፈሉት፦ ውስጡ ነጣ ያለ ክሬም ቀለም ይሁን፤ ግራጫ ወይም ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ከዚያ ጆንያ አትግዙ።

ተፈጭቶ የተሸጠውን አልመክርም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሙሉው ፍሬ ሲበላሽ በዓይን ይታያል፣ ዱቄቱ ውስጥ ግን ምን እንደገባ ማንም አያይም። ቆልተው የሚሸጡት ቢሆንም መቼ እንደተቆላ፣ ዘይት እንደነካና ስንት ጨው እንዳለው ስለማታውቁ ጥሬውን ገዝቶ ራስ መቁላት ይሻላል። ከነገለፈቱ ያለውን ካገኛችሁ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፤ እየፈለፈሉ መብላት እጅን ያዘገያል፣ የበላችሁትም ብዛት ገለፈቱ ተከምሮ ፊታችሁ ይታያል።

3. ልቀሙ፤ ይህን አትዝለሉ

ኦቾሎኒውን ሰፌድ ላይ በስሱ አስፉት። መስኮት ዳር ወይም ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀመጡ። የሚወጣው ይህ ነው፦ ሻጋታ የነካው (አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ጥቁር አቧራ የመሰለ ነገር ያለበት)፣ የተጨማደደና የቀጨጨ፣ ቀለሙ የተለወጠ፣ ነቀዝ የበሳው፣ የበቀለ፣ የተሰበረ። ሻጋታው የጀመረው ፍሬ ብዙ ጊዜ ከጎረቤቱ አነስ ይላል፣ ቆዳውም ደብዘዝ ብሎ ይጠቁራል፤ ዓይን ከለመደ ቶሎ ይለያል።

ለምን ይህን ያህል? እርጥበት ያገኘ ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ጉበትን የሚጎዳ፣ ለረዥም ጊዜ ሲወሰድም የጉበት ካንሰር የሚያመጣ ነው። እሳት አያጠፋውም፤ መቁላት ሊቀንሰው ይችል ይሆናል እንጂ አያስወግደውም። ስለዚህ ከምጣዱ በፊት ያለው መልቀም ነው ዋናው መከላከያ። አንድ ጊዜ ለቅምሻ የሚበላ ሰውና እናንተ ልዩነት አላችሁ፦ እናንተ በየቀኑ ልትበሉት ነው።

የለቀማችሁትን መጥፎ ፍሬ ለዶሮ ወይም ለላም አትስጡ። መርዙ እንስሳውን ይጎዳል፣ በላሟ ወተት በኩልም ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። መጣያ ውስጥ ነው ቦታው። ስትበሉም ድንገት የሚመርር ወይም የሚሻግት ጣዕም ያለው ፍሬ ካጋጠማችሁ አትዋጡት፣ ትፉት።

4. ያለ ዘይት ቁሉት

ምጣዱን መካከለኛ እሳት ላይ ጥዳችሁ አሙቁ፤ እጃችሁን ከላይ ስትይዙት ሙቀቱ ሲሰማ ኦቾሎኒውን ጨምሩ። ወዲያውኑ እሳቱን ዝቅ አድርጉት። ሩብ ኪሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። እስከ መጨረሻው ማማሰያውን አታስቀምጡ። ኦቾሎኒ ዘይት የበዛበት ስለሆነ ታቹ ሲያር ውስጡ ገና ጥሬ ነው፤ በቶሎ እሳት ማብሰል አይቻልም።

መጀመሪያ ሽታው የጥሬ ባቄላ ዓይነት ነው። ቀጥሎ ቆዳው እየጠቆረ ጣ ጣ ማለት ይጀምራል፣ ሽታውም ይለወጣል። ያን ጊዜ አንድ ፍሬ አውጡና እስኪበርድ ጠብቃችሁ ክፈሉት፤ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ከሆነ ደርሷል። እስኪበርድ ጠብቁ ያልኩት በምክንያት ነው፦ ትኩስ ኦቾሎኒ ሲነከስ ለስላሳ ነው፣ ብዙ ሰው "ገና ነው" ብሎ ይጨምርና ያሳርረዋል። የሚንኮሻኮሸው ሲበርድ ነው።

ሲደርስ ምጣዱ ላይ አትተዉት። እሳቱ ቢጠፋም በምጣዱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል፤ ወዲያው ሰፌዱ ላይ ገልብጡት።

ዘይት አትጨምሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ለኦቾሎኒም ምንም አይጠቅመውም፤ የራሱ ዘይት ከግማሽ ክብደቱ ብዙም አያንስም። ኦቨን ያላችሁ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ መሀል ላይ አንዴ አገላብጣችሁ መጋገር ትችላላችሁ።

5. ጨው ካስፈለገ በውኃ

ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው በ2 የሾርባ ማንኪያ ውኃ አሟሙ። ኦቾሎኒው ሊደርስ 2 ደቂቃ ሲቀረው ርጩበትና ውኃው እስኪደርቅ አማስሉ። ጨው ደረቁን ቢነሰነስ አይይዝም፣ ታች ይቀራል፣ ሰውም "አልጣፈጠም" እያለ ይጨምራል። በዚህ ልክ ለስምንት ሲካፈል ለአንድ ድርሻ ከ0.2 ግራም ያልበለጠ ጨው ይደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ስለሚመክር የሚያሰጋ አይደለም።

በርበሬና ሚጥሚጣ መነስነስ ይቻላል። ግን ከጣፈጠ በላይ እንዲጣፍጥ አታድርጉት። በጣም የተቀመመ ኦቾሎኒ "አንድ ልድገም" ያሰኛል፤ እኛ የምንፈልገው የሚያጠግብ እንጂ የሚያጓጓ መክሰስ አይደለም።

6. ለስምንት ክፈሉት

ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ይህ የሚሠራው። ትኩሱን ጠርሙስ ውስጥ ከከተታችሁት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውኃ ይሆንና ይለሰልሳል፣ ሻጋታም ይጠራል።

ሩብ ኪሎ 250 ግራም ነው። የተለቀመውና በመቁላት የተነነው እርጥበት ሲቀነስ 235 ግራም አካባቢ ይቀራል እንበል። ይህን ትሪ ላይ አድርጋችሁ በዓይን እኩል ለሁለት ክፈሉ። እያንዳንዱን ክምር እንደገና ለሁለት። አሁን አራት ክምር አላችሁ፤ አራቱንም እንደገና ለሁለት። ስምንት ሆነ። እያንዳንዱ 30 ግራም ገደማ ነው። በላስቲክ ወይም በትንንሽ ዕቃ አድርጋችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ።

ከስምንቱ አንዱን የቡና ስኒ ውስጥ ጨምሩና የት ድረስ እንደደረሰ እዩ። አብዛኛው ስኒ እስከ አፉ ሲሞላ ከ40 እስከ 50 ግራም ስለሚይዝ፣ የእናንተ ድርሻ ወደ ሁለት ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ያን መስመር ዓይናችሁ ይያዘው። ሰው ቤት ሄዳችሁ ወይም ከመንገድ ገዝታችሁ ስትበሉ መለኪያችሁ እሱ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ 180 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሻይ ብርጭቆ ኦቾሎኒ ሲሞላ 110 ግራም ይሆናል። ይኸውም ከ600 ካሎሪ በላይ ነው፣ ወደ አራት ድርሻ። መንገድ ላይ በብርጭቆ ሰፍረው የሚሸጡላችሁን "ትንሽ ነው" ብላችሁ እየሄዳችሁ ስትጨርሱት የሆነው ይህ ነው።

የተቆላው በጥብቅ ክዳን፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከምትጨርሱት በላይ አትቁሉ። ጥሬው ትርፍ ካለ ፍሪዘር ውስጥ ወራት ይቆያል።

7. ሰዓቱን ለዩ፦ ከረሃቡ በፊት

ምሳችሁ 7 ሰዓት ከሆነ የኦቾሎኒው ሰዓት 10 ወይም 10 ሰዓት ተኩል ነው። ሲርባችሁ አትብሉት፤ ሊርባችሁ ሲል ብሉት። የመሥሪያ ቤት ሰው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ፣ ታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ 1 ሰዓት ላይ ቤቱ ሲደርስ የተራበው ረሃብ እንጀራ አይቆጥርም። ያን ረሃብ ነው 10 ሰዓት ላይ የምንቀድመው።

ለምን ኦቾሎኒ? ፕሮቲን፣ ፋይበርና ቅባት በአንድ ላይ ስላለው ጨጓራን ቶሎ አይለቅም፤ ቅባቱና ፕሮቲኑ ትንሹ አንጀት ሲደርስም "በቃ" የሚል መልእክት ወደ አንጎል የሚልኩ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ። ብስኩትና ቦምቦሊኖ በአብዛኛው ዱቄትና ስኳር ስለሆኑ የደም ስኳርን ቶሎ ያወጡትና ቶሎ ያወርዱታል፣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይርባችኋል። ኦቾሎኒ የደም ስኳርን እምብዛም አያንቀሳቅስም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ሙሉው ፍሬ ጥርስ ቢያደቀውም እንኳ ከቅባቱ የተወሰነው በፍሬው ሕዋስ ግድግዳ ውስጥ እንደታሰረ ሳይፈጭ ያልፋል። ስለዚህ ሙሉውን ስትበሉ ሰውነት የሚያገኘው ካሎሪ ከተጻፈው ያንሳል። የተፈጨው፣ ማለትም የኦቾሎኒ ቅቤው፣ ይህ ጥቅም የለውም።

8. ስትበሉ

አንዱን ድርሻ አውጡና ጠርሙሱን መልሳችሁ ቦታው ካስቀመጣችሁ በኋላ ተቀመጡ። አንድ ብርጭቆ ውኃ ወይም ስኳር የሌለው ሻይ ከጎን አድርጉ። አንድ በአንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሁለት ፍሬ እያደረጋችሁ በደንብ አላምጡ። በእፍኝ ወደ አፍ መወርወር ይቅር። 30 ግራሙ 10 ደቂቃ ይፍጅባችሁ። ቀጭኑን ቆዳ አትላጡት፤ ፋይበር አለው፣ ማላመጡንም ያረዝመዋል።

ስትጨርሱ "ኧረ አልጠገብኩም" ትሉ ይሆናል። የጥጋቡ መልእክት 20 ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ ሰዓት አይታችሁ ጠብቁ። ከ20 ደቂቃ በኋላም ከራባችሁ ሁለተኛ ድርሻ አትክፈቱ፤ ካሮት፣ ብርቱካን ወይም ዱባ ብሉ። ምናልባትም ምሳችሁ አንሷል ማለት ነው፤ እሱን ነው ማስተካከል ያለባችሁ።

9. እራቱን አስተካክሉ

ብዙ ሰው መክሰሱን አስተካክሎ እራቱን እንደ ድሮው ይበላል፤ ከልማድ እንጂ ከረሃብ አይደለም። እንጀራውን ከለመዳችሁት ሩብ ያህል ቀንሳችሁ አቅርቡ፣ ወጡንና ጎመኑን አትቀንሱ። ከራባችሁ ትጨምራላችሁ፤ የሚከለክላችሁ የለም። በአንድ ትሪ ለቤተሰብ በሚቀርብበት ቤት ደግሞ ከፊት ለፊታችሁ ያለውን ብቻ ብሉ፣ የጎረቤቱ ጥግ ለእሱ ይቅር። ጉርሻን እንዴት እንደምትከለክሉ ግን እኔም መላ የለኝም።

10. ተከታተሉ

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ከሽንት ቤት በኋላ ምግብ ሳትቀምሱ ተመዘኑ። በየቀኑ መመዘን ዋጋ የለውም፤ የውኃና የጨው ለውጥ ብቻ አንድ ኪሎ ሊያወጣና ሊያወርድ ይችላል። ሚዛን ከሌለ ወገባችሁን እምብርት ላይ በሜትር ለኩ፣ ሆዳችሁን ሳትስቡ። አራት ሳምንት ጠብቁ። ካልተንቀሳቀሰ ወደ 1ኛው ደረጃ ተመለሱና የምታወጡት ነገር በእውነት መውጣቱን አጣሩ፤ ከወጣ ድርሻውን ሳይሆን የሻዩን ስኳር ቀንሱ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ ጥሩ ፍጥነት ነው፤ ከዚያ በላይ አትመኙ።

ሌላ ዓይነት ብትፈልጉ

ቆሎ የለመደ ሰው ኦቾሎኒ ብቻውን ይሰለቸዋል። ግማሽ ድርሻ ኦቾሎኒ (15 ግራም) ከ20 ግራም የገብስ ቆሎ ጋር ብትደባልቁ 160 ካሎሪ ገደማ ይሆናል፤ ብዛቱ ይጨምራል፣ ማላመጡም ይረዝማል። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። በገብሱ ፋንታ የተቆላ ሽምብራም ይሆናል፤ እሱም ፋይበር አለው። ዳቦ ቆሎ ግን ስሙ ቆሎ ይሁን እንጂ ዱቄት ነው፣ ብዙ ጊዜም ዘይት ውስጥ የተጠበሰ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ አታስገቡት።

የዱባ ፍሬ ሳይጣል ታጥቦ፣ ደርቆ ሲቆላ የተፈለፈለው 30 ግራም 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ከኦቾሎኒው ይበልጣል፣ ወጪውም ባዶ ነው። አልመንድ በ30 ግራም 25 ፍሬ አካባቢ፣ ካሹ 20 ገደማ፣ ፒስታቺዮ 50 ገደማ ነው። ካሎሪያቸው ከኦቾሎኒ ብዙ አይለይም፤ ካሹ ፋይበሩ አነስተኛ ነው፣ አልመንድ ደግሞ የተሻለ። ዋጋቸው ግን ሌላ ነው። ለክብደት ብላችሁ ውዱን መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ አሜሪካ የሚሸጠው ከረጢት ላይ ያለውን የካሎሪ ቁጥር ስታነቡ ለአንድ ድርሻ፣ ብዙውን ጊዜ ለ28 ግራም የተጻፈ መሆኑን አስተውሉ። ከረጢቱ ውስጥ ስንት ድርሻ እንዳለ እዚያው ላይ አለ፣ ያንን አባዙ። በገልፍ አገሮችና በእስራኤል ያሉት የለውዝ መደብሮች ውስጥ ደግሞ በስኳር፣ በማርና በዱቄት የተለበጠው ከተራው ጎን ለጎን ይደረደራል፤ ያልተለበጠውን፣ ጨው የሌለውን ጠይቁ።

በጾም ቀን

ኦቾሎኒ የጾም ምግብ ስለሆነ በረቡዕና ዓርብም ሆነ በሁዳዴ ይበላል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው 10 ሰዓት ላይ መክሰስ አያስፈልገውም። ከድርሻው ግማሹን 9 ሰዓት ላይ ከውኃ ጋር ብሉና 15 ወይም 20 ደቂቃ ቆይታችሁ ወደ ማዕድ ቅረቡ፤ ባዶ ሆድ እንጀራ ላይ የሚያደርገው ጥድፊያ ይበርዳል። ግማሹ ለማታ ይቆይ። በረመዳንም ከማፍጠሪያው ተምር በኋላ ጣፋጩን ከመጀመር በፊት ያንኑ ማድረግ ይቻላል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱባቸው

*ከጠርሙሱ መብላት።* ዓይን ስልክ ላይ፣ እጅ ጠርሙስ ውስጥ ከሆነ ማንም አይቆጥርም። ያን ሁሉ ክፍፍል የሠራችሁት ለዚህ ነው።

*የለውዝ ሻይ።* ካፌ ውስጥ የሚጠጣው የለውዝ ሻይ የኦቾሎኒ ቅቤ በሙቅ ውኃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስኳር ወይም ከማር ጋር። ይጣፍጣል፤ ግን ሳይታኘክ በደቂቃዎች ይወርዳል፣ ቅባቱም ስለተፈጨ ሁሉም ይገባል። እንደ ምግብ ቁጠሩት እንጂ እንደ ሻይ አትቁጠሩት።

*የኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦ።* ሁለት የሾርባ ማንኪያ 190 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ዳቦው ሳይጨመር። ለቁርስ መጥፎ አይደለም፤ በዚያ ቀን ግን መክሰሱ ይቅር።

*ከቢራ ጋር።* ጨዋማው ኦቾሎኒ ያስጠማል፣ ቢራው የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ሳህኑ ደግሞ ሲጎድል ይሞላል። ከጓደኛ ጋር ስትቀመጡ ድርሻችሁን ሶፍት ላይ ለብቻው አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ካልሆነ ሳህኑን ወደ ሌላ ሰው ግፉት።

*ጥሬውን መብላት።* ጥሬ ኦቾሎኒ ብዙ ሰው ላይ ሆድ ይነፋል። ሳይበስል የሚሻለው ነገርም የለም።

*ምሳን መዝለል።* "ኦቾሎኒ ስላለ ምሳ አልበላም" የሚሉ አሉ። 30 ግራም ውስጥ ያለው ፕሮቲን 7 ወይም 8 ግራም ነው፤ ምሳን ሊተካ አይችልም። ምሳ ያልበላ ሰው 10 ሰዓት ላይ ሦስት ድርሻ ይጨርስና እራቱንም አይቀንስም።